የአልሪክ ጆሮ

አልሪክ ሞተር የሚሠራው በጆሮው ነበር። ይህን የምለው ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ሆኜ ስላየሁት ነው። ጋራዣችን በሰሜኑ በረዷማ አገራችን፣ ከኧርንሼልድስቪክ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ ዳር ነው፤ ሁለት በር፣ አንድ ምድጃ፣ መኪና ቆሞ የሚሮጥበት አንድ ሮለር፣ እና እኛ ሁለታችን። እሱ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ሃምሳ አንድ። ስሜ ዮርዲስ ነው። ላፕቶፑ የእኔ ሥራ ነበር፤ ማዳመጡ የእሱ።

ሰው መኪናውን ከሩቅ ጭኖ የሚያመጣልን ኢታኖል የሚባለውን የአልኮል ነዳጅ ልናስለምድለት ነው። በእኛ አካባቢ ኢታኖል እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከራሳችን ጫካ እንጨት ይወጣል። ሞተር ውስጥ ሲነድድ ቀዝቀዝ ስለሚያደርግ አየር የሚገፋለት ተርቦ አብዝቶ ቢነፋበትም ሞተሩ ይችለዋል። ከፋብሪካ ሁለት መቶ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ መኪና ከእኛ በር አራት መቶ ይዞ ይወጣል። ችግሩ ኢታኖል በየማደያው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ያገኘውን ቢቀዳበት፣ ቤንዚንም ይሁን ቅልቅል፣ ሞተሩ ራሱን እንዲያስተካክል ይፈልጋል። በነዳጁ መስመር ላይ የምናስገባት ትንሽ ሴንሰር ከሚያልፈው ውስጥ ስንት እጁ ኢታኖል እንደሆነ ለሞተሩ ኮምፒውተር ትነግረዋለች። ይህን ያህል ሲሆን ይህን አድርግ ብሎ የሚያስተምረው ግን ሰው ነው። ኢታኖሉ ሲበዛ የካንዴላው እሳት ቀደም ቢል ሞተሩ ደስ ይለዋል። ቤንዚኑ ሲበዛ ያንኑ ካደረግክበት ነዳጁ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ሞተሩ ይመታል። ሲመታ ከቆየ ፒስተን ይሰብራል።

የአልሪክ ሙያ ለእያንዳንዱ ቅልቅል መምታት የሚጀምርበትን ቦታ ማግኘትና ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደኋላ መመለስ ነበር። ሞተሩ ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ያጣብቅና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋል። መኪናው ሮለሩ ላይ ሲያገሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሞተር ሲመታ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የሚሰማው ቆርቆሮ ላይ እንደ ተበተነች እፍኝ ምስር ነው። ሌላ ሰው ሳይሰማው አልሪክ እጁን ያነሣል። “አቁሚ። እዚህ ጋ ነው” ይላል። ሄጄ ቁጥሮቹን ሳይ ልክ እዚያው ጋ ነው።

አብረን መሥራት በጀመርን በሃያ ሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ለእኔም ማዳመጫ ገዝቶልኝ መጣ።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አልኩት።

“አንቺም ስሚ። ነገ ድፍት ብል ይሄን ቤት ማን ሊይዘው ነው?”

“አንተ ሳትቀብረኝ አትሞትም።”

“እሱስ እውነትሽን ነው” ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ መቀመጥ ጀመረ። ድሮ ወደ መኪናው ነበር የሚያየው። አሁን ሞተሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ዓይኑን ከፊቴ አይነቅልም። ሚስቱ ጉንቮር ከሞተች አራት ዓመት አልፏት ነበር። እኔ አላገባሁም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ያየኝ የነበረ ሰው በስተእርጅናው ፊቴን እንደዚያ ትኩር ብሎ ሲያየኝ ምን ልበል? ለጋራዥ ሥራ ማንም የማይለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ መልበስ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን እታጠባለሁ። እሱ ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አላልኩም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ዓመታት ቢፈጅ ማንንም አያስገርምም፤ እኔ ደግሞ አልቸኮልኩም።

ቲራ የመጣችው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት ነው። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ታስተምራለች። ግራጫ መኪናዋን እንደ ልጅ ነው የምትወዳት። ሞተሩን ራሷ አውርዳ፣ ጠንካራ ፒስተኖች አስገብታ፣ ራሷ ገጥማዋለች።

“ልጄን አደራ” አለች ቁልፉን ስትሰጠን።

“ኢታኖል ከለመደች ብዙ ነው የምትጠጣው፤ እወቂው” አላት አልሪክ።

“በእናቷ ወጥታ ነዋ!”

ሦስታችንም ሳቅን። ደስ የምትል ልጅ ናት።

ጠንካራ ፒስተን ያለው ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ያለ ጉዳት ይንኳኳል። ከፋብሪካው የመጣችው፣ የሞተሩን መምታት የምትሰማው ሴንሰር ያንን ሰምታ እየደነገጠች የሞተሩን ጉልበት ትቀንሳለች። ስለዚህ አልሪክ ምንም ብትሰማ ጉልበት እንዳትቀንስ አደነቆራት፤ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። “ይቺ ፈሪ ናት፣ ጥላዋን አይታ ትሮጣለች” አለ። “እኔ እያለሁ ምን ታደርግልናለች?”

ሰኞ ኢታኖሉን ሠራን። ማክሰኞ ግማሽ በግማሹን። ረቡዕ ቤንዚን የሚበዛበትን ልንሠራ ነበር፤ ዋናው ከባዱ እሱ ነው። ማክሰኞ ማታ ግን ትኩሳት ያዘኝና ረቡዕ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

“አለቀ። ንጹሕ ነው” አለኝ።

“ብቻህን ሠራኸው? ለነገ አታቆየውም ነበር?”

“ልጅቷ ነገ ትፈልገዋለች። ደሞ ድሮ ብቻዬን አልነበረም እንዴ የምሠራው? ተኚ አንቺ፣ ሻይ ጠጪ።”

ተኛሁ።

በመጋቢት ሁለተኛው ሳምንት የቲራ አክስት ከዮክሞክ ደወለችላት። አባቷ አንቴ ለወራት ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር፤ ዛሬ ከብዶታል፣ ድረሽ አለቻት። ከእኛ ዮክሞክ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው ጫካ። ቲራ እኩለ ቀን ላይ ተነሣች። ሊክሴሌ ስትደርስ የቀዳችው ኢታኖል ወደ ማለቁ ነበር። ያገኘችው ማደያ ኢታኖል አልነበረውም፤ ቤንዚን ሞላች። ደግሞስ ለምን ትጨነቅ? ያገኘሽውን ቅጂ ብለናታል። ሴንሰሯ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች፤ ከመቶው ሠላሳው ኢታኖል ነው ብላ ለኮምፒውተሩ ነግራዋለች። ኮምፒውተሩም አልሪክ ረቡዕ ያስተማረውን አደረገ።

ከአርቪድስያውር ወዲያ ዳገት ላይ ግንድ የጫነ መኪና ቀደመች። ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጣ እንደያዘች አንድ ነገር ጧ አለ። በመስተዋቱ ሰማያዊ ጭስ አየች። መኪናዋ እየተንከባለለች ሄዳ በረዶው ጠርዝ ላይ ቆመች። የቀደመችው ግንድ ጫኝ ደረሰና አሳፈራት፤ ሾፌሩ ግን ሞስኮሴል ላይ ወደ ሌላ መንገድ ስለሚታጠፍ እዚያ አወረዳት። እዚያ ሌላ መኪና እስክታገኝ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመች። ዮክሞክ ስትገባ አባቷ ከሞተ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ይህን ሁሉ በስልክ የነገረችኝ እሷው ናት። “መኪናዋን እስክትመጪ እናቆያት ወይስ እንክፈታት?” ስላት “ክፈቷት፤ እኔ ምን እንዳጠፋሁ ማወቅ እፈልጋለሁ” አለች።

እኔ ምን እንዳጠፋሁ ነበር ያለችው።

መኪናዋ ተጭና መጣች። አልሪክና እኔ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታውን፣ አወረድን። ሦስተኛው ፒስተን ከላይ በቀለበቶቹ መሃል ተሰብሯል፤ ጠርዙ አይጥ የበላችው አይብ ይመስላል። አልሪክ የእጅ ባትሪ አብርቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

“መጥፎ ቤንዚን ይሆናል” አለ በመጨረሻ።

መጥፎ ቤንዚን ፒስተን እንደዚህ እንደማይበላ እሱም ያውቃል። እጁን ሊታጠብ ሄደና ቆየ። ውኃው ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ ሲፈስ ይሰማኛል።

አልሪክ የእያንዳንዱን ሥራ ድምፅ ይቀርጽ ነበር። ቅዳሜ እሱ ሳይኖር ጋራዡን ከፍቼ የዚያን ረቡዕ ቅጂ አወጣሁ። ማዳመጫዬን አደረግኩ። ሞተሩ ተነሣ፣ ጮኸ፣ አራት ሺህ ዙር ላይ ሲደርስ ምስሩ ተበተነ። መሃል ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር፤ ግን እስከ ላይ ድረስ፣ ሳያቋርጥ፣ ቆርቆሮው ላይ ምስር፣ ምስር፣ ምስር። ሥራ ከጀመረ ሳምንት የሆነው ሰው እንኳ ይሰማዋል። ከዚያ ሞተሩ ወረደና ከማይክሮፎኑ አጠገብ የአልሪክ ድምፅ መጣ፤ ለራሱ ነበር የሚያወራው። “ደህና ነው” ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና “ደህና መሰለኝ” ይላል።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ገባ። “ና እስቲ አንድ ነገር ስማልኝ” አልኩት። እሱም እኔም ማዳመጫችንን ደፋን፤ እሱ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ቅጂውን ለቀቅኩት። አራት ሺህ ላይ ሲደርስ አልሪክ ወዲያው እጁን አነሣ።

“አቁሚ። ይመታል። የማን ነው ይሄ?”

ይሰማል ማለት ነው! ታዲያ ያን ቀን ምን ነካው? ደክሞት ነበር? አሞት ነበር?

“የቲራ ነው” አልኩት። “የረቡዕ።”

ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ማዳመጫውን አላወለቀም።

“ድገሚልኝ” አለ ዝግ ብሎ።

ያን ጊዜ ምን እንደመራኝ አላውቅም። ጀርባዬን ሰጠሁትና ወደ ግድግዳው ዞሬ ለቀቅኩት። ቅጂው እስከ መጨረሻው ሄደ። ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። እንደገና ለቀቅኩት። ምንም።

“አልሪክ፣ ይመታል ወይስ አይመታም?”

“ዞር በይልኝ፣ ዮርዲስ።”

“ለምን?”

“ፊትሽን ካላየሁ አላውቀውም።”

ዞርኩ። ማዳመጫውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

“መጀመሪያ የሄደው የወፎቹ ድምፅ ነው” አለኝ። “አንድ ጸደይ ወፎቹ የት ሄዱ ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኩት፤ ሰውዬው እየቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ፉጨት መጣ፤ ቀንም ሌሊትም አይተወኝም። ሐኪሙ ቀጫጭኑ ድምፅ ጠፍቷል፣ አይመለስም አለኝ። ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። ምስሩን ግን አልሰማውም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ማዳመጫውን ከመግዛቴ በፊት ነው።”

ላፕቶፑን ከደንኩት።

“ሲመታ ግራ ዓይንሽ ጭፍን ትላለች፤ ትንሽ። አንቺ አታውቂውም። አንድም ቀን አሳስታኝ አታውቅም። ከራሴ ጆሮ የበለጠ አምኜሽ ነበር እኮ” አለኝ። ይህን ሲለኝ እንደ ምስጋና ነበር ያለው። ያመሰገነኝ መስሎታል።

ያን ቀን የለበስኩት ሰማያዊውን ሹራብ ነበር። ተነሥቼ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩና በሩን ቆለፍኩ። ያለቀስኩት ለቲራ አባት ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። ሰው ሞቶ፣ ልጅ ሳትደርስበት ቀርታ፣ እኔ የማለቅሰው ለሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት ለታጠብኩት ፀጉር ነው። በራሴ አፈርኩ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

“ሄደህ ትነግራታለህ” አልኩት። “አንተው ራስህ። በስልክ አይደለም።”

“አብረሽኝ ነይ።”

“እሺ።”

የቲራ ቤት ከኮረብታው ላይ ያለ ቢጫ ቤት ነው። በሩን ስትከፍት ቀጥና አየኋት። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቡና አላፈላችም፤ በእኛ ዘንድ ይህ ብዙ ይናገራል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን።

“ሞተሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ” አለ አልሪክ። “ቤንዚኑ አይደለም፤ አንቺም አይደለሽም።”

“ያንን ጭነት መኪና ባልቀድም ኖሮ እያልኩ ነው የከረምኩት” አለች። “ሌሊት እንኳ በሕልሜ አልቀድመውም፤ ከኋላው ዝም ብዬ እነዳለሁ።”

“እሱን ባትቀድሚ ሌላ ዳገት ላይ ይሰበር ነበር። ስሠራው ይመታ ነበር፣ እኔ አልሰማሁትም። ጆሮዬ ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል።”

ቲራ ለጊዜው አልገባትም። ወደ እኔ አየች፤ ራሴን ነቀነቅኩላት።

“ያውቁ ነበር?” አለችው።

“አውቅ ነበር።”

“እያወቁ ‘ንጹሕ ነው’ አሉኝ?”

“እያወቅኩ።”

“ለምን? አልሰማም ማለት ይሄን ያህል ከባድ ነው?”

አልሪክ እጆቹን አየ። “እኔ ከዚህ ሌላ ምንም አይደለሁም” አለ። “እሱን ከተናገርኩ ምን ይቀረኛል ብዬ ነው።”

ቲራ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው በጣም በዝግታ ነው፤ ለእኛም አይመስልም ነበር። ስትጨርስ አልሪክ ወደ እኔ ዞረ።

“ምን አለች?”

ቲራ አልደገመችውም። እኔ ልደግምለት ግድ ሆነብኝ፤ ለዚያውም ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ እሷ እየሰማች።

“አባቷ ቲራ ደረሰች ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ ነው የምትልህ። ሁለቱን ጊዜ አክስቷ መንገድ ላይ ናት አለችው። በሦስተኛው ዋሸችው። አዎ፣ ደጅ መኪናዋን እያቆመች ነው አለችው። እሱም በሩን እያየ ሞተ።”

በሕይወቴ ከአፌ እንደዚያ የከበደ ነገር ወጥቶ አያውቅም። አልሪክ ከንፈሩን ነከሰ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ቲራ እጇን አነሣች።

“ይቅርታ አይበሉኝ” አለች፤ አሁን እንዲሰማት ጮክ ብላ። “ዛሬ አይበሉኝ። ካሉኝ መልስ መስጠት አለብኝ፤ የምሰጠው መልስ የለኝም። ስለመጡ ግን… መምጣትዎን አልጠላሁትም። ቢያንስ ከዚያ ሕልም እገላገል ይሆናል።” ከዚያ ለእኔ “መኪናዋን እንደ ፋብሪካው አድርጊያትና እሸጣታለሁ። ኢታኖሉንም፣ ሁሉንም አውጪው” አለችኝ።

ስንመለስ ከኮረብታው ወርደን አንድ ድልድይ ላይ ደረስን።

“አንቺ ባትታመሚ ኖሮ” አለ አልሪክ።

“እንዳትጨርሰው።”

“ስሚኝማ። ባትታመሚ ኖሮ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ላይ ይደርስ ነበር ነው የምልሽ። ትኩሳትሽ ምንም አላደረገም። እንዳትሸከሚው።”

እሱ ይህን ካሰበልኝ በኋላ ልቆጣው አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ባለፉት ሁለት ዓመታት የሠራናቸውን መኪናዎች ዝርዝር አውጥተን ቅጂዎቻቸውን አንድ በአንድ አዳመጥኩ። እሱ ስልክ ይደውላል፤ “እኔ ጆሮዬ አይሰማም፣ መኪናህን አምጣና ዮርዲስ እንደገና ታየዋለች” ይላል፤ ለእያንዳንዱ ባለመኪና፣ ሳይሸፋፍን። አንዳንዱ ሰደበው። አንዱ የሱንድስቫል ሰው “አይ አልሪክ፣ ደንቆሮም ሆነህ ከሌላው ትሻላለህ” ብሎ ሳቀበት፤ እሱ አልሳቀም። ሌላ ስህተት አላገኘሁም። እኔ በነበርኩበት ቀን ሁሉ ሥራው ልክ ነበር።

የቲራን ሞተር አዲስ ፒስተን አስገብቼ፣ የኢታኖሏን ሴንሰር አውጥቼ፣ ኮምፒውተሩን ወደ ፋብሪካው መለስኩት። በሰኔ መጥታ መኪናዋን ወሰደች። አልሪክ ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ቆብ በእጁ ይዞ። እሷ በአንገቷ ሰላም አለችውና ወጣች። ከዚያ ወዲያ አላየናትም።

በነሐሴ አልሪክ ቤቱን ዘግቶ ሄርኖሳንድ ወደምትኖረው እህቱ ዘንድ ሊሄድ ተነሣ። ከእንግዲህ ጋራዡ በር ድረስ እየመጣ እንደ እንግዳ መቆም እንደማይችል ነገረኝ። ዕቃውን ስናወጣ አገዝኩት። ትልቁን ሣጥን ሁለታችን ይዘን ከደረጃው ስንወርድ፣ አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ አሰብኩ።

“አልሪክ” አልኩት፣ “እነዚያን ሁለት ዓመታት እኮ እኔ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር።”

ሣጥኑን ደረቱ ላይ አስደግፎ ቀና አለ። ሐኪሙ ያዘዘለትን የጆሮ መሣሪያ አላደረገም ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ነው የሚያኖረው።

“ምን አልሽኝ?”

“በግራ በኩል ያዘው፣ እንዳይወድቅብህ ነው ያልኩህ።”

“ይዤዋለሁ” አለ።

ጭነን ስንጨርስ አቀፈኝ። ሃያ አራት ዓመት አብረን ስንሠራ አቅፎኝ አያውቅም ነበር። የሞተር ዘይትና የሳሙና ሽታ ነበረው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባና ባሕሩን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሄደ።

ወደ ጋራዡ ስመለስ አንድ የሼሌፍቴኦ ሰው ጥቁር መኪናውን በተጎታች ጭኖ ከበሩ ፊት ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ ነበር።

“አልሪክን ፈልጌ ነው” አለኝ። “መኪናዬን ኢታኖል እንዲያስለምድልኝ።”

“አልሪክ የለም። ሥራ አቁሟል። አሁን እኔ ነኝ የምሠራው።”

ሰውዬው እኔን አየ፣ ጋራዡን አየ፣ መኪናውን አየ። ክፉ ሰው አይመስልም።

“እንግዲያው ላስብበት” አለና ተጎታቹን እያዞረ ወደ መንገዱ ወጣ።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ምድጃው ጠፍቶ ነበር። አንድ የኡሜኦ መኪና ለነገ ቀጠሮ ስለነበረው ሮለሩን መጥረግ ጀመርኩ።